ሰዓት ያልተጻፈበት ቃል

የጭነት መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ጋሼ ሽቦ ከኋላ፣ በዱቄት ጆንያዎች መካከል ተሸጉጦ፣ በአሮጌ ካፖርት የተጠቀለለ ትልቅ መዝገብ ጉልበቱ ላይ አቅፏል። መኪናው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር አብሮ ይነጥራል፤ ወገቡ ሲንቋቋ አንድም ጊዜ «እህ» አላለም፣ መዝገቡን ብቻ ጠበቅ ያደርገዋል። ፊት ለፊቱ ሴት ልጁ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ከወንዝ ዳሯ ከተማ ከተነሡ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል፤ በዚህ ሁሉ መንገድ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ምን ልትላቸው ነው ብላ ጠየቀችው። የተጠየቅሁትን፣ አላት። እሷም ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቴሌግራፍ መምቻ ላይ ተጎንብሶ የኖረን ሰው ማን በስሙ ይጠራዋል? የሰፈር ልጆች ሽቦ አሉት፣ ትልልቆቹ «ጋሼ» ጨመሩበት፣ በዚያው ቀረ። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሱት ደብዳቤ የሚጽፉለት ሹማምንት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ በስሙ የመጣ ደብዳቤ ደግ ነገር ይዞ አያውቅም ይል ነበር። ባለፈው ሳምንት የመጣው በስሙ ነው።

ላኪው ኮሎኔሉ ናቸው፣ በጠባቡ በር ጉዳይ የተቋቋመው መርማሪ ጉባኤ ሰብሳቢ። የወንዙ ጣቢያ ሹም የዓመቱን መዝገብ ይዞ ይቅረብና አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጥ ይላል። «መንገዱ ነፃ ነው፣ ጦሩ ይለፍ» የሚለው ቃል የተላከው በጠባቡ በር ጣቢያ ሠራተኛ እጅ ነው ወይስ አይደለም? ነው ካለ ይፈርማል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከጡረታው ጋር ኒሻን ደረቱ ላይ ይደረግለታል። የዚያ ሠራተኛ ስም ደግሞ በከሃዲዎች ዝርዝር ገብቶ በአደባባይ ይነበባል። ያ ሠራተኛ የጋሼ ሽቦ አማች ነበር፣ ፊት ለፊቱ ሻሿን አጥብቃ ያሰረችው የልጁ ባል።

ዝርዝሩ ቀልድ አይደለም። ስሙ የገባበት ሰው ቤተሰብ ከመንግሥት ቤት ይወጣል፤ ልጁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ አይረግጥም። የጋሼ ሽቦ ልጅ ገና ከወዲሁ ከወታደር ልብስ መስፊያው ተሰናብታለች። አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በጠባቡ በር የሞቱት ወታደሮች እናቶች እዚህ ይሠራሉ፣ ዓይንሽን ማየት ከብዷቸዋል ብሎ ነው ያሰናበታት። አሁን የሦስት ዓመት ልጇን ሚጢጢን ለጎረቤት ትታ አብራው የመጣችው፣ አባቷ «ነው» ሲል በገዛ ጆሮዋ ልትሰማ ነው። በጆሮዬ ካልሰማሁ ባሌ ሰው አስፈጀ ብዬ አላምንም ብላለች።

ያ ዓመት እንኳን ለሰው ለድንጋይም ከባድ ነበር። ገና ሲጠባ ሽማግሌው ንጉሥ ሞቱ፤ አልጋውን የያዙት ወጣቱ ልጃቸው ዘውዱ ጆሯቸው ላይ ይወርድ ነበር ይባላል፣ እኔ አላየሁም። ከዚያ በተራራው ላይ የሰፈረው ጦር ለልጅ አልታዘዝም ብሎ ሸፈተ። ሽፍቶቹ ሳይበተኑ የወረቀት ገንዘብ ወጣ፤ ሰዉም ዝናብ ቢመታውስ እያለ በቆርቆሮ ሣጥን ቆለፈበት። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን በከተማው ላይ ስትዞር አንዲት አሮጊት ይህን ሳላይ በሞትኩ አሉና ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ክረምት ሲገባ ወንዙ አርባ ዓመት የቆመውን ድልድይ እንደ ፍልጥ ይዞት ሄደ። ይህን ሁሉ የሚጽፍ አንድ ሰው በቤተ መንግሥቱ ነበር፣ ዘመን ጸሐፊው የሚሉት፤ የየዓመቱን ታላላቅ ነገሮች በአንድ ጥራዝ ከትቦ ዓመቱ ሲያልቅ ያሽጋል። አንዴ ከታሸገ ንጉሡም አይፍቁትም። የዘንድሮው ጥራዝ የሚታሸገው በዚህ ሳምንት ነው፤ የጠባቡ በር ገጽ ብቻ ነው የቀረው።

ጋሼ ሽቦን ሌሊት ሌሊት የሚያገላብጠው ኒሻኑም ዝርዝሩም ብቻ አልነበረም። «ነው» ማለት እውነት ነው፤ ክፋቱ ይኸው ነው። እጁ የአማቹ እጅ ነበር። የሽቦ ሰዎች ሳይተያዩ በእጅ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ጭረቱን ይጎትታል፣ ሌላው ነጥቡን ይረግጣል፣ ሰው በአረማመዱ ከሩቅ እንደሚለይ እነሱም በአመታቱ ይለያሉ። የአማቹን እጅ ደግሞ ያስተማረው ራሱ ነው። ሥልጠናው ላይ ከሁሉም ይፈጥን ስለነበር «ጥድፌ» ያለው እሱ ነው፤ ሰውም ተከተለው። ልጁ ሳትቀር ባሏን ጥድፌ ነበር የምትለው፣ ስትቆጣ ብቻ ነው በስሙ የምትጠራው።

ጥድፌ ፈጣን ነው እንጂ አንድ ጉድለት ነበረበት። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ላኪው ቃሉን ከጨረሰ በኋላ የላከበትን ሰዓት ይመታል፣ ከዚያ የራሱን ምልክት። ሰዓት የሌለው ቃል ዋጋ የለውም። ጠዋት ነፃ የነበረ መንገድ ቀትር ላይ ሊዘጋ ይችላል፣ አሮጌን ወሬ በአዲስ ስም የሚያሻግር አይጠፋም፤ ስለዚህ ተቀባዩ ሰዓት የሌለውን ቃል ለማንም አይሰጥም፣ «ድገም» ብሎ ይመልሰዋል። ይህን ከጣቢያ ሹሞችና ከላኪዎቻቸው በቀር ማንም አያውቀውም። የጥድፌ ጉድለት ይህች ሰዓት ነበረች። ቃሉን እንደ ዝናብ ያወርደውና ምልክቱን መትቶ እጁን ያነሣል፣ ሰዓቱ ይረሳል። ጋሼ ሽቦ መጀመሪያ ይመልስበት ነበር። «ድገም» በተባለ ቁጥር ግን በላኪው ስም ጥፋት ይመዘገባል፣ ሦስት ጥፋት ደግሞ ከሥራ ያስወጣል። ልጁ ባገባች በዓመቱ ጥድፌ ሁለት ጥፋት ነበረው።

ታዲያ ምን ያድርግ? ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ ያይና በራሱ ብዕር ይሞላለታል። በዓይነ ኅሊናህ ተመልከተው፤ አጎንብሶ እየሞላ፣ «አይ ጥድፌ፣ አንድ ቀን ራስህንም ትረሳለህ» እያለ ለብቻው ሲያጉተመትም። ከዚያ ማሽኑ የተፋውን ጥብጣብ፣ ነጥብና ጭረቱ የታተመበትን ወረቀት፣ መዝገቡ ላይ ሲለጥፈው ጫፉን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ሰዓቱ እንደጎደለ የሚያሳየው ጫፍ በሙጫው ሥር ይቀራል። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረገ። ከልጄ ጎጆ የሚበልጥ ሕግ የለም አለ በልቡ፣ ማን ይፈርድበታል?

ጥድፌ ወደ ጠባቡ በር ሲዛወር፣ ቦታው ተራራውን ለሁለት የሚከፍል ጥርጊያ ነው፣ ሊሰናበት ጣቢያ መጣ። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ሚጢጢ ጥርስ ተጫወቱ። ሲነሣ ግን ቆም ብሎ፣

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ አይሙሉልኝ» አለው።

«ምኑን?»

«ያውቁታል። እዚያ ላይ መንገዱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሰዓት የሌለው ቃል ከእኔ ከመጣ ይመልሱብኝ። ብባረርም ልባረር። ቃል ይግቡልኝ።»

ጋሼ ሽቦ ሳቀ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ቃል ገባለት። ጥድፌም ቃሉን ጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ አንዲት ሰዓት አልጎደለችም። ጋሼ ሽቦ ይህን ለልጁ ሲነግራት እንደ አባት ኮርቶ ነበር፣ ባልሽ ሰው ሆነ ብሏት ነበር።

ያች ቀን ስትመጣ ታዲያ ማክሰኞ ነበረች። ሸፋቾቹን ሊደመስሱ የተላኩት አንድ መቶ አርባ ወታደሮች ከወንዙ ማዶ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው፣ ሻምበላቸው ጠባቡ በር ነፃ መሆኑን ሳላውቅ አልንቀሳቀስም ብሎ መልስ ይጠብቃል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ጥብጣቡ መንተክተክ ጀመረ። የጥድፌ እጅ ነው፣ ያ ፈጣኑ። መንገዱ ነፃ ነው፣ ጦሩ ይለፍ። ምልክቱ ተመታ፣ ዝም አለ። ሰዓት የለም።

ጋሼ ሽቦ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ፈረሰኛው መልእክተኛ በሩ ላይ ቆሞ ጅራፉን ከቦት ጫማው ጋር ያጋጫል፤ ሻምበሉ በሩብ ሰዓት ሦስት ጊዜ ልኮበታል። አራት ወር ሙሉ ጎድሎ የማያውቅ ነገር መጉደሉን አየ፣ አየ እንጂ። ያሰበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አይ ጥድፌ፣ አገረሸበት አለ። አዘነለት። ዛሬ ብመልስበት ሦስተኛ ጥፋቱ ናት፣ በዚህ ቀውጢ ቀን ማንም አይምረውም አለ። ብዕሩን ነከረና «ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ» ብሎ ሞላ፣ ማኅተም አደረገ፣ ለፈረሰኛው ሰጠ፣ ወደ ላይ ደግሞ «ደርሷል» ብሎ መታ። ጦሩ ስድስት ሰዓት ላይ ጠባቡ በር ውስጥ ገባ። ከአንድ መቶ አርባው ስልሳ ሦስቱ ከዚያ አልወጡም። ጥድፌንም ከሦስት ቀን በኋላ በጣቢያው ጓሮ በጥይት ተመትቶ አገኙት፤ ሸፋቾቹ ሲሸሹ ነው የገደሉት። የመንግሥት ሰዎችም እንደሚመቻቸው ተረጎሙት፤ ተጠቅመውበት ሲያበቁ አስወገዱት አሉ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰባት ወር ጋሼ ሽቦ አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፤ የእሱ ዝምታ ነቅዞ ዱቄቱ በየጠዋቱ ከአፉ ይራገፍ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ፈራ። በሁለተኛው ነገ እናገራለሁ አለ። በወሩ መናገር ከጥፋቱ የባሰ መሰለው፤ እስከ ዛሬ የት ነበርክ ቢሉት ምን ይመልሳል? ልጁ ፊቷን ነጭታ ስታለቅስ አብሯት አለቀሰ፣ እንባው የእውነት ነበር፣ ግን ከንፈሩን አልከፈተም። ይህን ስጽፍ ልፈርድበት አይደለም። ግን ይታዘንለታል ብዬም አልምልም።

መኪናው ከተማ ገብቶ የዱቄት መጋዘን በር ላይ አወረዳቸው። ልጁ ጀርባውን ከዱቄት አራገፈችለት፣ ሳትናገር፣ ጠንከር አድርጋ። ከዚያ በእግር ወደ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ሄዱ። በየግድግዳው ላይ ስለ ወረቀት ገንዘቡ የተለጠፈው ማስታወቂያ ዝናብ ልጦታል፤ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው፣ ጫማ ጠራጊውም፣ ጋዜጣ ሻጩም። የሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ረጅም አግዳሚ ነበረው። እዚያ ሲጠብቁ ልጁ ድንገት፣

«አባዬ፣ የሱ እጅ ነበር?» አለችው።

«የሱ እጅ ነበር» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አልጠየቀችም። እሱም ያን ጊዜ ሁሉንም ሊነግራት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ባይጠራው ይነግራት ነበር እያለ ኋላ ራሱን ያጽናናበታል። ምናልባት እውነቱን ነው።

ክፍሉ ሰፊ ነው፤ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ የቀለም ብልቃጦች፣ የቀለም መምጠጫ ወረቀት፣ የውሃ ጠርሙስ። ኮሎኔሉ መካከል ላይ ተቀምጠዋል፤ ክፉ ሰው አይመስሉም፣ የደከማቸው ሰው ነው የሚመስሉት። ከሟቾቹ መካከል የእህታቸው ልጅ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። በጠረጴዛው ጫፍ ዘመን ጸሐፊው ቁጭ ብሏል፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ ሽማግሌ። በዚያ ዓመት የሆነው ነገር ከጥራዙ ስለበለጠበት ሦስት ደብተር ወረቀት ተጨማሪ ጠይቆ ነበር፣ አንዱን ብቻ ነው የፈቀዱለት ይባላል። ልጁን ከበሩ አጠገብ ባለች ወንበር አስቀመጧት።

ኮሎኔሉ ጥያቄውን ከወረቀት አነበቡ። ቃሉ የተላከው በጠባቡ በር ሠራተኛ እጅ ነው ወይስ አይደለም? ጋሼ ሽቦ ካፖርቱን ፈቶ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ነው፣ ክቡር ኮሎኔል» አለ።

ከኋላው ልጁ ትንፋሿን ስትስብ ሰማት። ኮሎኔሉ ወረቀቱን ለፊርማ ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት፣ ብዕርም አቀበሉት። ጋሼ ሽቦ ብዕሩን ያዘ፣ ግን አልፈረመም። ብዕሩን መልሶ አስቀመጠና ከተቻለ ትንሽ ውሃ እንዲሰጡት ለመነ። ሰጡት። ጠጥቶ ሲያበቃ መዝገቡን ገለጠና ያን ገጽ አወጣ።

«ከመፈረሜ በፊት ይህን ጥብጣብ ከሙጫው ያላቅቁልኝ» አለ። «ጫፉን።»

ያላቀቀው ዘመን ጸሐፊው ነው። ወረቀት የሚያውቅ እጅ ነበረው፤ መምጠጫ ወረቀቱን ውሃ አስነክቶ ሙጫው ላይ አሳረፈ፣ ጠበቀ፣ በቢላ ጫፍ ቀስ ብሎ አነሣው። የታጠፈው ጫፍ ተዘረጋ። ምልክቱ አለ፣ ሰዓቱ የለም። በመዝገቡ ላይ ደግሞ በጥቁር ቀለም «ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ» ተብሎ ተጽፏል። ኮሎኔሉ አልገባቸውም፤ ጋሼ ሽቦም አስረዳ። ሕጉን ነገራቸው፣ ሰዓት የሌለው ቃል እንደሚመለስ፣ ሦስት ዓመት ሲሞላለት እንደኖረ፣ ጥድፌ ሲሰናበተው ምን ቃል እንዳስገባው፣ አራት ወር ሙሉ አንዲት ሰዓት እንዳልጎደለች። አንድም አላስቀረም። እየተናገረ ወደ ኋላው አልዞረም፤ ልጁን ማየት አልቻለም።

«እንግዲህ» አሉ ኮሎኔሉ ቀስ ብለው፣ «ሰዓቱን የተወው ሆን ብሎ ነው ትለኛለህ።»

«ሆን ብሎ ነው። እንድመልስበት ነው። ያስጠነቀቀው ሰው እሱ ነው፣ ጦሩን የላክሁት እኔ ነኝ።»

ኮሎኔሉ ፊታቸው ገርጥቶ ከወንበራቸው ተነሡና ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ አማችህን ለማዳን የፈጠርከው ተረት እንዳይሆን በምን አውቃለሁ አሉ፤ ማንም አባት ለልጁ ይህን ያደርጋል፣ እኔም አደርግ ነበር። የሚገባ ጥያቄ ነበር። ጋሼ ሽቦ ከጥብጣቡ በቀር ማስረጃ የለኝም አለ። ረስቶም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ድሮው፣ አሉት። ይህንንም እሱ ራሱ ሰባት ወር ሲጠይቅ የኖረው ነው፤ አንዳንድ ቀን ረስቶ ነው ብሎ ትንሽ እንቅልፍ ይተኛበት ነበር።

ዘመን ጸሐፊው ያን ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ እኔ ሁለቱንም ነኝ፣ ፍቀዱልኝ አለና ከጎኑ ካለው ክምር አንድ ወረቀት መዘዘ። ከተማረኩት ሸፋቾች የአንድ አሥር አለቃ ቃል ነው። ያ አሥር አለቃ ሽቦ ማንበብ የሚያውቅ ነበር፤ ሽጉጥ ይዞ ከጥድፌ ኋላ ቆሞ ያዳምጥ የነበረው እሱ ነው። በቃሉ ውስጥ ለማንም ትርጉም ያልሰጠች አንዲት ነገር አለች፣ ዘመን ጸሐፊው ግን ጽፎ አስቀርቷታል። መነጽሩን አደረገና ወደ ጋሼ ሽቦ አየ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደርሷል ብለው ከመለሱለት በኋላ ሌላ ነገር ተባባላችሁ?»

ይህን ለማንም አልተናገረውም። ለራሱም ጮክ ብሎ አላለውም።

«ጠራኝ» አለ በመጨረሻ። «ደርሷል ባልኩት በትንፋሽ ውስጥ ጠራኝ። የእኔን መጥሪያ መታ። ፈረሰኛው በሩ ላይ ነበር፣ ወረቀቱን እየሰጠሁት ነበር። ‹ቆይ› ብዬ መታሁለት። ከዚያ ከቤተ መንግሥት ጠሩኝ፣ ከዚያ ሻምበሉ ጠራኝ። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስመለስለት አልመለሰልኝም። ምሳ ሄዷል አልኩ።»

ዘመን ጸሐፊው ራሱን ዝቅ አደረገና የአሥር አለቃውን ቃል ማንበብ ጀመረ። የሰጠነውን ቃል ላከ፣ አልጨመረም አልቀነሰም ይላል። ከላከ በኋላ ሳናዝዘው መምቻውን ነክቶ የታችኛውን ሰው ጠራ። ሽጉጡን ማጅራቱ ላይ አደረግሁበት። ከታች «ቆይ» የሚል መልስ መጣ። ከወንበሩ ተነሥ ብንለው እምቢ አለ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መምቻውን እያየ ተቀመጠ። «ቆይ ብሎኛል፣ ይመለስልኛል፣ ሰዓት ይጠይቀኛል» ይል ነበር። ምን ሰዓት እንደሆነ አልገባንም። ጥይት ሲጮህ እስክንሰማ፣ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ ወንበር አልተነሣም።

ጋሼ ሽቦ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። ሁለት ሰዓት ገደማ፤ መጥራት ብቻ ነበር የሚበቃው፣ ምን ፈለግህ ማለት ብቻ። ያን ሁለት ሰዓት እሱ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ያስታውሳል። ቴምብር ቆጥሯል፣ ሻይ አፍልቷል፣ ፈረሰኛው የጣለውን ጭቃ ከወለሉ ጠርጓል።

ኮሎኔሉ ከመስኮቱ ተመልሰው ተቀመጡ። የከሃዲዎቹን ዝርዝር አወጡ፣ አንድ ስም ላይ መስመር አሰመሩ፣ አጠገቡ ፈረሙ። የጋሼ ሽቦን ስም ደግሞ፣ እውነተኛውን፣ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። በከሃዲነት አልጽፍህም፣ አልከዳህምና፤ ግን ስልሳ ሦስት ሰው ነው አሉት፣ ድምፃቸውም ስልሳ ሦስት ሲል ተሰበረ። ፍርድህን ሌላ ሰው ይስጥ፣ እኔ አልችልም አሉና ዘበኛውን ጠሩ። ጋሼ ሽቦ እጅ ነሣ። የሚገርመው፣ ትንሽ ቀለል ብሎት ነበር፤ ሰባት ወር የተሸከመውን ካወረደ በኋላ ልጁ ፊት መቆም እንደሚችል መሰለው። እግሯ ላይ ወድቆ ይቅር በይኝ ሊላት፣ ባልሽ ጀግና ነበር ሊላት ዞረ።

ወንበሯ ላይ አልነበረችም። በጠረጴዛው ሌላኛው ጫፍ፣ ዘመን ጸሐፊው አጠገብ ቆማለች። ሽማግሌው የጠባቡን በር ገጽ ቀዶ አዲስ ወረቀት ዘርግቷል፣ ለዚህ ገጽ የሚሆን ወረቀት አላጣም፤ ብዕሩን ነክሮ የባልሽን ሙሉ ስም ንገሪኝ ይላታል። እሷም ትነግረዋለች። በጥድፌ አይደለም፤ በስሙ፣ በአባቱ፣ በአያቱ፣ ፊደል በፊደል፣ በቀስታ፣ እንዳይሳሳት አጎንብሳ እያየች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። ዕድሜውን ጠየቃት፣ ነገረችው። ልጅ አለው ወይ አላት፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችው አለችው፣ የእሷንም ስም ይጻፉልኝ።

ዘበኛው የጋሼ ሽቦን ክንድ ያዘ፣ ጨካኝ አያያዝ አልነበረም። በእሷ አጠገብ አልፎ ነበር ወደ በሩ የሚወጣው። ሲያልፍ ቀሚሷ እጁን ነካው። በገጹ ላይ አጎንብሳ ነበር፣ የመጨረሻውን ፊደል ለጸሐፊው እያሳየችው። ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሥራ ላይ ናት ብሎ ተወው፣ እሷም ቀና አላለችም፣ እሱም ከዘበኛው ጋር ወጣ።